ድንጋይ የሌለበት ቃል

ውሻ ለመስደድ ያሉንን ቃላት እስቲ ቁጠሯቸው። «ያዘው!»፣ «በለው!»፣ «ሂድበት!»… ከ«እማዬ» ቀጥለን የለመድናቸው ይመስላሉ። የሰደድነውን ውሻ ለመመለስስ? አንዲት «ተው!» አለችን። እሷንም ብትሆን የምንላት ድንጋይ ካነሳን በኋላ ነው። ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው የቃላት ነገር አይለቀውምና፣ ሰሞኑን ይህንን ሳሰላስል ከርሜያለሁ። እንዳሰላስል ያደረገኝ ግን መዝገበ ቃላት ሳይሆን የጎረቤቴ ውሻ ነው።

ለቡ ከተማ ከሆነ መቼም ብዙ ጊዜው አይደለም። ቪላውና ኮንዶሚኒየሙ የቆመው ትናንት እህል ይዘራበት፣ ከብት ይሰማራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ እንኳ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬም ክፍት ቦታ ያገኘ ሰው በግ ያሰማራል። ጎረቤቴም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስምንት በጎች ይዘዋል። ነገሩ ለሳቸው ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ የጡረታዋ ገንዘብ የማትደርስበትን ቀዳዳ የሚደፍኑት በበጎቹ ነው። የሚጠብቅላቸው ከመንዝ የመጣ፣ ማታ ማታ የሚማር ወጣት ነው።

ውሻውን ያመጣው ደግሞ ልጃቸው ነው። የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ነው፤ ቡቺ ይሉታል። እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ ግቢ ውሻ ቀን በሰንሰለት ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ታዲያ አንድ ቀን ሰንሰለቱን በጥሶ በጎቹ ላይ ሄደባቸው። አልነከሳቸውም፤ ግን እስኪደክማቸው አሯሯጣቸው። የሰፈሩ ልጆችም «ያዘው! ያዘው!» እያሉ አጀቡት። በዚያው ሌሊት የአንዷ እርጉዝ በግ ፅንስ ጨነገፈ።

በማግስቱ ጎረቤታሞች ተሰባሰብን። የብዙው ሰው ፍርድ አጭር ነበር፤ መርዝ የተነከረ ሥጋ። ጎረቤቴም ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል አልሰሙም? ዛሬ ያባረረ ነገ ይበላል» አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? በጋቸው ናት። ያ ወጣት ግን ጥግ ላይ እንደቆመ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ውሻ እኮ ሥራ ፈትቶ ነው» አለኝ።

ይቺ አነጋገር ወደ መጻሕፍት መለሰችኝ። ለካ «ሸፐርድ» ማለት እረኛ መሆኑን እያወቅን ረስተነው ኖሯል! ይህን ዘር እ.ኤ.አ. በ1899 በማኅበር ያቋቋመው ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ መኮንን ነው። የዘሩ ጥንተ ሥራ የበር ዘበኝነት አልነበረም። አጥር በሌለበት አገር፣ በበጉ መንጋና በሰው አዝመራ መሐል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ መንጋው ድንበር እንዳያልፍ ይጠብቅ ነበር። በእግሩ የሚሄድ አጥር በሉት።

ታዲያ አጥር የሆነው ውሻና በግ አሯሯጩ ውሻ እንዴት አንድ ይሆናሉ? ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ውሾች ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን ያብራራሉ። አደን ሰንሰለት አለው፤ ማየት፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ መያዝ፣ መግደል። የሰው ልጅ ለእረኝነት ውሻ ሲያራባ የሠራው ሰንሰለቱን መሐሉ ላይ ማላላት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጎልብተው የመጨረሻዎቹ እንዲደክሙ አደረገ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1893 የተወለደውና የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች አባት የሚባለው ኦልድ ሄምፕም የተደነቀው በጩኸት ሳይሆን በዝምታው ነው። እንግዲህ መንጋውን የሚነዳውም ውሻ፣ መንጋውን የሚፈጀውም ውሻ የሚነሱት ከአንድ ፍላጎት ነው። ፍላጎቱን እናጥፋው ያለ ሰው እረኛውንም አብሮ ያጠፋዋል። የሚፈለገው ልጓም ነው።

እኛ አገር ይህ ልማድ የለንም። ውሻችን በግ አይነዳም፤ የሚነዳው ልጁ ነው። በባሌ ተራሮች እንኳ እረኞች ውሻ የሚያስከትሉት ጅብ ሲመጣ እንዲጮህላቸው ነው። በቀረው ጊዜ ውሻው የሚመልሰው ሳይኖር ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ከእነዚህ ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ እኛ ዘንድ ብቻ ያለውን ቀይ ቀበሮ ምን ያህል እንደጨረሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ተው» የሚለው ያጣ ውሻ ዕዳው ከአንድ ግቢ ያልፋል።

ወጣቱ በግ ያውቃል፣ እኔ ማንበብ አውቃለሁ፤ በዚህ ተስማማን። የመጀመሪያው ሥራ ቃል መፈለግ ነበር። «ተው» ለቡቺ ድንጋይ እየመጣ ነው፣ ሽሽ ማለት ሆኖበታል። ስለዚህ ድንጋይ ያልተወረወረበት ቃል መረጥን፤ «ተኛ»። በጎቹ በሌሉበት፣ በግቢው ውስጥ፣ በዳቦ ቁራሽ ተማረው። እዚህ ያልያዘው ቃል በግ ፊት አይሠራምና ሳንቸኩል ሰነበትን።

ከዚያ ረዥም ገመድ ታስሮለት፣ ለሰው ረጋ የሚሉ ሦስት በጎች ወደ ጠባብ በረት ገቡ። ውሻን የሚያሰክረው የበጉ ሽሽት ነው፤ በግ ሲሮጥ ውሻ ልቡን ይስታል። ስለዚህ ወጣቱ በመጀመሪያ የሚያረጋጋው በጎቹን ነበር። ከበጎቹ ወዲያ ማዶ ቆሞ፣ ውሻው ሲጠጋ ራሱ በመሐል እየገባ ዙሩን ያሰፋበታል። ቡቺ ዘሎ ሲገባ ገመዱ ይይዘዋል፤ ጨዋታው ያበቃል። ሲተኛ ደግሞ እንደገና እንዲዞር ይፈቀድለታል። ሽልማቱ ዳቦ መሆኑ ቀረ፤ ሥራው ራሱ ሽልማት ሆነ። ዱላ የለም፣ ጩኸትም የለም፤ ጩኸት ለተሟሟቀ ውሻ ማጀቢያ ነውና። ትምህርቱም ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም። ወጣቱ ጭራውን እያየ፣ «ጋሼ፣ ጭራው ከተነሳ እየተጫወተ ነው፤ ዝቅ ካለ እያሰበ ነው» ይለኛል። የውጭ አሠልጣኞችም የሚሉት ይህንኑ ነው። እሱ ግን ከየትም አላነበበውም።

አራት ወር ሆነን። ቡቺ ዛሬ ገመዱን እየጎተተ በበጎቹና በአስፋልቱ መሐል ይመላለሳል። ለቡ ላይ አዝመራ ባይኖርም መኪና አለ፤ አጥርነቱ እዚያ ላይ ጠቀመ። አልፎ አልፎ ልቡ ይነሳበታል፤ ያኔ «ተኛ» ይባላል፣ እያለከለከ ይተኛል። ፍላጎቱ አልጠፋም፤ ዓይኑ ላይ ይታያል። ጎረቤቴም ሙሉ በሙሉ አያምኑትም። «ገመዱ እንዳይፈታ!» ብለዋል፤ እኔም ገና ነው ባይ ነኝ። መርዙ ግን አልተገዛም።

ፅንሷን ያጣችው በግ ግን እስከ ዛሬ ቡቺ ባለበት በኩል አትግጥም። ሌሎቹ ሲረሱ እሷ ቀና ብላ ትጠብቀዋለች። ወጣቱም አያስገድዳትም፤ ገመዱን ሰብስቦ ውሻውን ዞር ያደርግላታል።