ከመጋረጃው በፊት ፍሬኑ
የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች የሚያስተምረው



ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ቸርችል ጎዳና ከእግሩ ሥር ወርዶ ወርዶ ለገሃር ሲደርስ ያያል። በስተጀርባው ያለው ሕንፃ በ1950ዎቹ የተሠራው፣ ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። በአቅራቢያው በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይታያል። በዚያው ዓመት በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሰዋል። በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም የተጠራው ጎዳና ግን እንደ ጥንቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

እግረኛ ይህን መንገድ ሲወርደው ይቀለዋል፤ ሲወጣው ያለከልከዋል። ለአሮጌ መኪና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዳገቱ ሞተሩ ቢያቃስትና ቢደክመው ቢበዛ ይቆማል። በቁልቁለቱ ግን መቆም ራሱ ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ያረጀ መኪና ገዝቶ ለቤተሰቡ ጉዞ በእጁ የሚያድስ ሰው ከዚህ ጎዳና የሚማረው ብዙ ነገር አለ።

የሰፈሩ ቋንቋ

የመኪና ጥገና ቋንቋችን ከዚህ ሰፈር ስሞች ጋር ዝምድና አለው። «ፒያሳ» አደባባይ ማለት ሲሆን የመጣው ከኢጣሊያንኛ ነው። «ለገሃር» ደግሞ የባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ጋራዥ ገብተን የምንሰማቸው ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ የሚባሉት ሁሉ የኢጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። ቃላቱ ከመኪናው ጋር መጡ፤ መኪናው አርጅቶ ቢሄድም እነርሱ ቀሩ። ልጆቻችን ዛሬ የሚጠቀሙባቸው ከየት እንደመጡ ሳያውቁ ነው።

መኪናውም ቢሆን በእኛ አገር ቶሎ አይሞትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ ቀድሞውንም ውድ የነበረው አሮጌ መኪና የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። ያለውን ጠግኖ መጠቀም ግድ ነው፤ ከብክነት (ኢስራፍ) መራቅም ስለሆነ የሚያስመሰግን ነው። ጥያቄው ጥገናው ከየት ይጀመር የሚለው ነው።

አንድ ቤተሰብ

አራዳ ውስጥ የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር አሉ። እናታቸው ወሎ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ወገባቸው ስለታመመ አዲስ አበባና ደሴን የሚለያየውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአውቶቡስ ተቀምጠው መሄድ አይችሉም። ምኞታቸው ግን የተወለዱበትን ቀዬ ሳያዩ፣ የወላጆቻቸውን መቃብር ሳይዘይሩ እንዳይሞቱ ነበር። ልጃቸው ይህን ሐቅ ለመወጣት ሲሉ ከታክሲ ሥራ የወጣች አንዲት ቶዮታ ሚኒባስ ገዙ። ሐሳባቸው የኋላ ወንበሮቿን አንስተው አልጋ ሊሠሩባት፣ ውሃና ምግብ ማብሰያ ሊያስገቡባት፣ በአጭሩ እንደ ተንቀሳቃሽ ቤት አድርገው ሊያደራጇት ነበር።

ወንዶቹ ልጆች በጋለ ስሜት ሥራውን ጀመሩ። ኮምፔርሳቶ ቆረጡ፤ የፍራሽ ልክ ወሰዱ፤ ሴቶቹ የመጋረጃ ጨርቅ መረጡ። ዕቅዱ ለዒድ አልፊጥር ወሎ መድረስ ነበር። አያትየው ግን ልጃቸውን ጠርተው፣ «ለመተኛትማ ቤቴም አልጋ አለኝ፤ አንተ ልጄ፣ እኔን የምትቆም መኪና አድርግልኝ» አሏቸው። አባወራው ይህን ሰምተው መኪናዋን ባለሙያ ዘንድ ወሰዷት። ጎማው ሲፈታ የኋላው ፍሬን ውስጥ ያለው ትንሹ ሲሊንደር ዘይት እያፈሰሰ ሸራውን አርሶት ተገኘ።

ቁልቁለት ለምን ይከብዳል?

ከማዘጋጃ ቤት ትንሽ ወረድ እንዳልን ቴዎድሮስ አደባባይን እናገኛለን። በዚያ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው፤ እውነተኛው መቅደላ ላይ ይገኛል። ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለውን ይህን በጋፋት የተሠራ መድፍ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲያስጎትቱ ወራት ፈጅቶባቸዋል። መንገዱ የጅዳንና የበሸሎን ገደሎች መውረድም ያለበት ነበርና ከባድ ነገር ሲወርድ የሚገፋው ሳይሆን የሚይዘው እንደሚያስፈልገው ጎታቾቹ በሚገባ አይተውታል።

የዛሬው ሚኒባስም ሕጉ ያው ነው። ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ሸራው ከታምቡሩ ጋር ተፋትጎ ይሞቃል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚቆይ በዚህ ሙቀት ይፈላል፤ ውስጡ እንፋሎት ሲፈጠር ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ለዚህ ነው ዘይቱ የጎደለ ባይሆንም እንኳ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር ያለበት። ቁልቁለት ሲወረድ ሁለተኛ ማርሽ ይዞ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ይገባል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በፎሌ መልቀቅ፣ ይባስ ብሎም ሞተር ማጥፋት ትልቅ አደጋ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ያልቃል፤ ፔዳሉም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

ቸርችል ላይ ይህን ያልቻለ መኪና ጣርማበር ላይ አይችልም። የደሴ መንገደኛ እንደሚያውቀው ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቸርችልን የዚያ ታላቅ ቁልቁለት ታናሽ ወንድም ማለት ይቻላል።

የሥራው ቅደም ተከተል

አባወራው ለፍራሽና ለመጋረጃ የተቀመጠውን ገንዘብ ለፍሬን አዋሉት። ሲሊንደሮቹንና ሸራዎቹን ባለሙያው ቀየረ። ቀጥሎ ጎማዎቹ ታዩ። በጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው ካለፈ ሊፈነዳ ይችላልና ይህን ማንበብ ለማንኛውም ገዢ ይጠቅማል።

ሦስተኛው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ መኪናዋ ዳገት ላይ ቶሎ ትፈላለች። አየሩም ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ መኪናዋ ቸርችልን ስትወጣ ብትደክም ሁልጊዜ ሞተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የውስጡ ሥራ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አልጋው በሚስማር ሳይሆን በቡሎን ከወለሉ ጋር ታሰረ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 60 ሊትር ውሃ የአንድ ሰው ክብደት ያህላል። ስለዚህ በርሜሉን ፖርቶ መጋላው ላይ በመስቀል ፈንታ ከአልጋው ሥር አኖሩት፤ ከላይ የተጫነ ክብደት በመታጠፊያ ላይ መኪናን ይገለብጣልና። መብራቱን ትልቁ ልጅ ዘረጋው። በ12 ቮልት 60 ዋት የሚበላ አምፖል 5 አምፔር ሲስብ 5 ዋት የሚበላው ኤልኢዲ ግን ከግማሽ አምፔር በታች ይበቃዋል። እያንዳንዱም መስመር ከባትሪው አጠገብ ቫልቮላ ገባለት፤ ሽቦው ቢላጥ ከመቃጠሉ በፊት ቫልቮላው እንዲበጠስ።

እናቶች ሆይ፣ ይህን አደራ!

የቤቱ እመቤት ቡናውን መኪናው ውስጥ ለማፍላት አስበው ነበር። ከሰል በተዘጋ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ በዚያው ያሸልባል። ከሰሉ ጨሶ ቢያበቃና ፍም ብቻ ቢሆንም ጋዙ አለ። ስለዚህ ምድጃ ሁልጊዜ ከመኪናው ውጭ ይሁን፤ ለብርድም ተብሎ ፍም አይግባ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ በተቀመጠበት ወለል ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም። በሌሊት ብርድ ልብስና የሞቀ ጥሬ ውሃ የያዘ ላስቲክ ከማንኛውም ፍም የተሻለ ነው።

በእጅ የሚሠራና ለባለሙያ የሚተው

አልጋ፣ መጋረጃ፣ መደርደሪያ፣ የበር ላስቲክ፣ ዝገት መፈግፈግና ቀለም መቀባት ቤተሰብ ተሰብስቦ ሊሠራው የሚችል ነው። ልጆች ካቻቪቴ መያዝ ይማሩበታል፤ ከአባታቸውም ጋር ይጫወታሉ። ፍሬን፣ መሪና የጋዝ መስመር ግን የሚያውቀው ይሥራው። መለዋወጫ ፍለጋ ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ ወደታወቀው ሶማሌ ተራ የሚወርድ ሰው ያገለገለ በርና መብራት ቢገዛ ችግር የለውም፤ ያገለገለ የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎማ ግን አይግዛ። የወንበር ቁጥር መቀነስም ከሊብሬውና ከዓመታዊ ምርመራው ጋር ስለሚያያዝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን አስሮ ወይስ ፈትቶ በአላህ እንዲመካ ለጠየቃቸው ሰው አስሮ እንዲመካ እንደነገሩት ሁላችንም እናውቃለን። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። የመንገድ ዱዓእ የሚያደርግ ሰው ፍሬኑ እንደሚያፈስስ እያወቀ ሞተር ቢያስነሳ ግመሉን አላሰረም። ከዚህም በላይ መኪናው ውስጥ ያሉት ልጆችና አረጋውያን አማና ናቸው፤ በመንገዱ የሚሻገረው እግረኛም ሐቅ አለው።

ቤተሰቡ ለዒድ አልደረሰም። ዒዱን አዲስ አበባ አሳለፉ፤ ልጆቹም ትንሽ አዘኑ። አባወራው መኪናዋን መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሞከሯት። ከዚያም አንድ ቀን ፒያሳ በሚገኘው ኑር መስጊድ ሱብሒን ሰግደው፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ማንንም ሳያሳፍሩ በሁለተኛ ማርሽ ቸርችልን ወረዱ፤ በየቦታው እየቆሙ ፔዳሉን ፈተሹ፤ ከታች ሲደርሱ ጎማዎቹን በእጃቸው እየዳሰሱ የትኛው ከሌላው ይበልጥ እንደሞቀ አዩ። አንዱ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነውና። ሁሉም እኩል ነበሩ። የመንገዱን ሰላም ጠይቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሡ። እናታቸውም ተኝተው ሄደው፣ ዘይረው፣ በሰላም ተመለሱ፤ አልሐምዱሊላህ። መጋረጃው ያኔም አልተሰፋም ነበር፤ በመስኮቱ ላይ የአያትየው ነጠላ ተሰቅሎ ነበር።

ቸርችል የሚያበቃው ለገሃር ነው። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ሀዲዱ እያረጀ፣ ጥገናው እየሳሳ ሄዶ ዛሬ ከዚያ ጣቢያ ባቡር አይነሣም። አዲሱ ባቡር በሌላ መስመር ይሄዳል። ጣቢያው ያማረ ሕንፃ ነው፤ ግን ማማር ብቻውን ማንንም ድሬዳዋ አያደርስም። አሮጌ መኪና ለቤተሰባችሁ ልታድሱ ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መጋረጃውን ከመምረጣችሁ በፊት ጎማውን አስፈትታችሁ ፍሬኑን እዩ። የቀረው በአላህ (ሱ.ወ) ፈቃድ ቀስ በቀስ ይደርሳል።