ጠዋት ጠዋት የሚያነክሰው የተረከዝ ጅማት



ከአልጋ ስትነሱ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እያነከሳችሁ ነው የምትራመዱት? ከተረከዝ ከፍ ብሎ ያለውን ወፍራም ጅማት በጣት ቆንጠጥ ስታደርጉት ያማል? ይህ የባት ጡንቻን ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዘው የአኪለስ ጅማት ነው።

እኔ ጋ በዚህ ህመም የሚመጣው አብዛኛው ሰው ጣና ዳር በእግሩ መንሸራሸር ጀምሮ በሳምንቱ ወደ ቤዛዊት ዳገት መሮጥ ያማረው ነው። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ይኸው ጅማት ያመው ነበር፤ በኋላም ቀዶ ሕክምና አድርጓል። አብዛኞቻችሁ ግን እዚያ አትደርሱም።

አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «ሰሞኑን ሲፕሮ ወስደዋል?» ለተቅማጥና ለታይፎይድ እየተባለ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ይህንን ጅማት ሊያሳምም፣ አልፎም ሊበጥስ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆነና ፕሬድኒሶሎን ለሚወስዱ አደጋው ይበልጣል። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ጅማታችሁን ካመማችሁ ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጡ ሐኪም አማክሩ፤ ከታች ያለውን ስፖርትም አትጀምሩ።

«ዶክተር፣ ወር ሙሉ ተኝቼ ስነሳ ያው ነው» ያሉኝ አባት ነበሩ። እውነታቸውን ነው። እረፍት ህመሙን ያበርደዋል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም። ሩጫና ዳገት ቀንሱ። ደረጃ ጫፍ ላይ በሁለቱም እግሮች ጣት ቁሙ፣ ከዚያ በሚያመው እግር ብቻ ተረከዛችሁን ቀስ እያላችሁ አውርዱ፤ 15 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ። ህመሙ ተረከዙ አጥንት ላይ ከሆነ ሜዳ ወለል ላይ ሥሩት። ትንሽ ቢያም አትደንግጡ፤ በማግስቱ ጠዋት ከባሰ ግን ቀነስ አድርጉት። 12 ሳምንት ይፈልጋል (ይህን ስናገር ፊቱ የማይጠቁር ታካሚ የለም)። የታመመ ጅማትን በኃይል ማሳሸትም ሆነ ጅማቱ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ መወጋት አልመክርም።

ወላጆች፣ ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ኳስ የሚጫወት ልጅ ተረከዙን ካመመው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ገና በማደግ ላይ ያለው አጥንት ነው። ጨዋታውን ለጥቂት ሳምንታት ቀነስ አድርጉለት፤ ካልተሻለው ወይም ካበጠ አሳዩት።

በድንገት ከኋላ በድንጋይ የተመታችሁ ያህል ከተሰማችሁና በጣታችሁ መቆም ካቃታችሁ ግን ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።