ድራይቨሩ የተሸጠ ሰሞን

ሳንሱሲን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አስኮን አልፎ፣ ቡራዩ ሳይደርሱ፣ አምቦ መንገድ ላይ ናት። ስሟ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው አሉ። የቤት ኪራይ መክፈያ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ይጠፋናል።

አንድ ማታ የግቢያችን ልጅ በራችንን አንኳኳና «ድራይቨሬን ልሸጠው ነው» አለን። እኛ ደግሞ የጋዜጠኝነት ዲግሪ ያለን ሰዎች፣ «ደግሞ ሹፌር መሸጥ ተጀመረ?» አልነው። እስኪያስለው ድረስ ሳቀብን።

ልጁ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለው የጎልፍ ሜዳ ካዲ ነው። የሰው ቦርሳ ይሸከማል፣ ኳስ የወደቀበትን ያያል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይናገራል። ድራይቨር የሚለው ደግሞ ጎልፈኛው በቦርሳው ከሚይዛቸው ዱላዎች ረጅሙን ነው። (ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ አይፈቅድም።) ጭንቅላቱ እስከ 460 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይፈቀድለታል፤ ከግማሽ ሊትር ውኃ ትንሽ ያነሰ በሉት። ድሮ ከእንጨት ይሠራ ስለነበር ዛሬ ብረት ሆኖም «እንጨት» ሲሉት ይሰማል። የገና ዱላ ሀብታም አጎት ማለት ነው! ሥራው አንድ ነው፤ ከስንጥር ላይ የተቀመጠችውን ኳስ በመጀመሪያው ምት አርቆ መላክ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ኳሷ ባሕር ዳር ካለ ሜዳ ይልቅ እዚህ ርቃ ትሄዳለች።

ይቺን ድራይቨር ከአገር የሚወጣ አንድ የውጭ ሰው ነው የሰጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከግቢያችን ጥግ አሮጌ ጎማ ሲመታባት ኖረ። ዷ! ዷ! እኛም እንቅልፋችንን በዚያ ድምፅ ለምደነው ነበር። የቆመበት ቦታ ላይ ሣር የሚባል ነገር አልቀረም።

አሁን ግን የእናቱ ዓይን ሞራ ለብሶ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ ገዢም አግኝቷል። ችግሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የካዲዎች ውድድር አለ። «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ያለ ድራይቨር ይቻል እንደሆነ አጣሪልኝ» አለን።

አጣራን። ሌሊቱን ሙሉ። መጀመሪያ ያገኘነው ደስ የሚል ነበር፤ ታይገር ውድስ በ2006 እ.ኤ.አ. ሆይሌክ በተካሄደው የብሪታንያ ኦፕን፣ በአራቱም ቀን ድራይቨሩን ያወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መሬቱ ደርቆ ኳስ እንደ አስፋልት ላይ ይንከባለል ስለነበር፣ ከርቀት ይልቅ የአሸዋ ጉድጓዶቹን መሸሽ ይሻላል ብሎ በብረት ዱላዎቹ ተጫወተ፤ አሸነፈም። አባቱ የሞተበት ዓመት ነበርና ሲጨርስ አለቀሰ።

ሁለተኛው ግን ደስ አይልም። ማርክ ብሮዲ የሚባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ የአሜሪካ ባለሙያዎችን ምት አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ምርጦቹ ከሌሎቹ ከሚበልጡበት ነገር 28 በመቶው ከመጀመሪያው ምት፣ 15 በመቶው ብቻ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ለስላሳ ምት እንደሚመጣ አሳዩ። «ድራይቨር ለታይታ ነው» የሚለውን የድሮ አባባል አፈር አስበሉት።

ጠዋት ቡና ላይ ለልጁ የነገርነው የታይገርን ብቻ ነው።

አዎ፣ አራት ዓመት «ሁለቱንም ወገን አቅርቡ» እየተባልን የተማርን ሰዎች! እናቱ ግድግዳውን እየዳበሰች ረከቦት ስትፈልግ እያየን 28 በመቶ ማለት አልቻልንም። ደግሞም ልጁ ታይገር አይደለም፤ ታይገር ድራይቨሩን ቦርሳው ውስጥ አስቀምጦ ነው ያልተጠቀመበት፤ ይሄኛው ሸጦ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ያኔም ገብቶን ነበር።

ሸጠው። ውድድሩ ቀን ማታ ጫማውን በር ላይ እያራገፈ፣ «እንዴት ሆነ?» ብንለው «ሁልጊዜ ከኋላቸው ነኝ፤ እነሱ ኳሳቸው ጋ ቆመው ይጠብቁኛል» አለን። ሽልማት ውስጥ አልገባም። «ታይገርሽ ግን ጎበዝ ነው» ብሎ ገባ። እኛ እራት አልበላልንም።

እስከ ዛሬ አልነገርነውም። ይሄን ካነበብክ፣ ወንድማችን፣ ሁለተኛው መጽሐፍ እኛ ጋ ነበር።

እናቱ ፋሻው ከተፈታላት በኋላ በሦስተኛው ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ግቢውን ስትቃኝ ቆየች። ከዚያ ጎማው ወዳለበት ጥግ በጣቷ እያመለከተች፣ «ይሄን ሁሉ ሣር ማነው እንዲህ የጨረሰው?» አለች። ልጁ እኛን አየ። እኛም ስኒ ማጠብ ጀመርን።