የተጋደመችው ስምንት

መንግሥት በየዘመኑ ከማን ጋር ይወዳጅ እንደነበር ለማወቅ የታሪክ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባን የድሮ ሰው ቡፌ ከፍቶ ካሜራውን ማየት ይበቃል። የጃንሆይ ዘመን ሰው ከሆነ የምዕራብ ጀርመን፣ የደርግ ዘመን ሰው ከሆነ የሶቪየት ወይም የምሥራቅ ጀርመን፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ ደግሞ የጃፓን ካሜራ ይገኛል። ወዳጅ ሲሄድ ሌንሱን ትቶ ይሄዳል። አዲሱ ወዳጅ የሚያመጣው ካሜራ ግን የአሮጌውን ወዳጅ ሌንስ አይቀበልም፤ ማውንቱ፣ ማለትም ሌንስና ካሜራ የሚጋቡበት አንገት፣ ሌላ ነው። እኛም በየዘመኑ ዓይናችንን አውጥተን ሌላ ዓይን እንገዛለን።

የእኛ ቤት ዓይን የመጣው ከሶቪየት ኅብረት ነው። አጎቴ ኪየቭ ተምረው በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመለሱ ካመጧቸው ነገሮች ሁሉ፣ ዲፕሎማቸውንም ጨምሮ፣ እስከ ዛሬ ያገለገለው ዜኒት ኢ ካሜራቸው ብቻ ነው። ፊቱ ላይ የሞስኮ ኦሎምፒክ ዓርማ አለበት። ጊዜው ምሩፅ ይፍጠር በዚያው በሞስኮ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትሩን ጠቅልሎ የወሰደበት ሰሞን ነበርና ካሜራው ሰፈራችን ካዛንቺስ ሲገባ ስም ወጣለት፤ ምሩፅ ተባለ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ሲፈተለክ ኮቴው አይሰማም ነበር ይላሉ። የእኛው ምሩፅ ግን በተጫኑት ቁጥር የቆርቆሮ በር የተገፋ ያህል ይጮኻል። በቤታችን ተደብቆ ፎቶ የተነሣ ሰው የለም።

አጎቴ፣ ማለትም ጋሼ፣ ምሩፅን አንጠልጥለው ሩቅ አይሄዱም። ከመናኸሪያው ጀርባ ከነበረው ቤታችን እኛን ልጆቹን አስከትለው ይወርዱና አፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የሌኒን ሐውልት ፊት ያሰልፉናል። ሐውልቱ በፈረንጆች 1983 ተተክሎ በእኛ 1983 ግንቦት ላይ ወደቀ፤ ሁለት ካላንደር ያለው አገር ታሪኩን እንዲህ በአንድ ቁጥር ይከፍታል ይዘጋል። አንድ እግሩን አራምዶ የቆመው ሌኒን ወደ ቦሌ ስለሚያይ የከተማው ሰው እሱም ወደ ኤርፖርት እየሄደ ነው እያለ በሹክሹክታ ይቀልድ ነበር። ታዲያ በዚያ ዘመን ጓድ ሌኒንን በፎቶ ማደብዘዝ ምን እንደሚያስከትል ስለማይታወቅ ጋሼ የሌንሱን ቀለበት ሳያመነቱ እስከ መጨረሻው፣ የተጋደመች 8 እስከተጻፈችበት ድረስ፣ ያዞሩታል። ኢንፊኒቲ ማለት ነው። ሌኒን ጢሙ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኛ ከፊት ያለነው እንደበዝዛለን። የልጅነት አልበማችንን ያየ ሰው ሌኒን ዘመዳችን፣ እኛ ደግሞ መንገደኞች እንመስለዋለን።

የዚህ ሌንስ ስም ሄሊዮስ 44-2 ነው። የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊሜትር ሲሆን ሙሉ ሲከፈት ዲያፍራሙ 2 ላይ ይቆማል። ያመረተው ከሞስኮ ጎን ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ነው። እትብቱ የተቀበረው ግን ጀርመን አገር፣ ዬና ከተማ፣ ካርል ዛይስ ግቢ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ቪሊ ሜርቴ የተባለ የዛይስ ባለሙያ ቢዮታር የተሰኘውን ንድፍ አወጣ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ የ58 ሚሊሜትሩ ቢዮታር ተወለደ። በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖች ቀድመው ዬና ገቡና ባለሙያዎቹን ጭነው ሄዱ። ተከትለው የመጡት ሶቪየቶች በጦር ካሳ ስም ማሽኑንና ንድፉን ጫኑ። አንዱ ወገን ጭንቅላቱን ሌላው እጁን ተካፈሉት ማለት ነው። ክራስኖጎርስክ ከዚህ ንድፍ መጀመሪያ ያወጣችው ሌንስ ስሙ እንኳ አልተለወጠም፤ የክራስኖጎርስክ ቢዮታር ይባል ነበር። ሄሊዮስ ተብሎ ክርስትና የተነሣው ኋላ ነው። ስድስቱ የሌንሱ መስተዋቶች፣ በአራት ክፍል መደርደራቸውም ጭምር፣ የአባታቸው እንደነበሩ ናቸው። ዜኒት ኢ ብቻውን ከ3 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ አብሮት የተሸጠው ሄሊዮስም በዓለም ላይ እንደ ልብ ከሚገኙት ሌንሶች አንዱ ሆነ።

አንገቱም ጀርመናዊ ነው። ይህ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጥርስ፣ ሌንሱ እንደ ብሎን እየዞረ የሚገባበት፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በድሬስደኑ ኮንታክስ ኤስ ካሜራ ላይ ወጣ፤ ፕራክቲካ ተከተለ፣ ሶቪየቱ ዜኒት ወረሰው፣ ከ1957 ጀምሮ የጃፓኑ ፔንታክስም ያዘው። በዚህ ማውንት ሌንሱ ከሚያርፍበት ፊት እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 45.46 ሚሊሜትር ነው። ይህችን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ የወጉ ባላጋራ እሷ ናት።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትነሣ እኛም ከተነሺዎቹ ጋር ተነሣን። ለዓመታት ያልተከፈተው ቡፌ ያን ጊዜ ተከፈተ፤ ምሩፅም ከነቆዳ ማህደሩ ወጣ። ጋሼ ከእንግዲህ ፊልም የሚያጥብልኝ ማን አለ ብለው ለቀቁት። ሠርግ የሚቀርጸው ታናሽ ወንድሜ ዓይኑ ያረፈው ሌንሱ ላይ ነው። ሄሊዮስ ሙሉ ሲከፈት ከሰው ጀርባ ያለውን ቅጠል እያሽከረከረ ያደበዝዛል፤ ይህ የድሮ ንድፍ ጉድለት ዛሬ ሙሽሮች ገንዘብ የሚከፍሉበት ውበት ሆኗል። የዬና ሰዎች ቢሰሙ ያፍራሉ።

ወንድሜ የያዘው የሚገለበጥ መስተዋት ያለው ኒኮን ነበር። ከአንድ ሱቅ ስስ የቀለበት አዳፕተር ገዝቶ ሄሊዮሱን አሰረበት። ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ጋሼን ሲያነሣቸው ሽበታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወደ መስኮቱ ሲያዞረው ግን ክሬኑም፣ ፎቁም፣ እንጦጦም ድብዝዝ። ቀለበቱ የተጋደመችው 8 ላይ ደርሶ ቆሟል፤ ሩቁ አገር አልመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንስ ቅርብ ለማየት ከፊልሙ መራቅ፣ ሩቅ ለማየት ወደ ፊልሙ መጠጋት አለበት። ሄሊዮስ ከግማሽ ሜትር ተነሥቶ ኢንፊኒቲ እስኪደርስ የሚጓዘው 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጉዞው ግን በእኩል አልተከፋፈለም። ከ10 ሜትር ወዲያ ያለው ዓለም በሙሉ፣ እንጦጦ፣ የረር፣ ጨረቃና ከዋክብት ሳይቀሩ፣ የሚያድሩት በመጨረሻዋ ሲሶ ሚሊሜትር ውስጥ ነው። በዚህ አገር ሲሶ የበላ ብዙ ነው፤ ይህን ያህል ግዛት በሲሶ የጠቀለለ ግን አልሰማሁም። እንግዲህ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ኒኮን የያዘው ማውንት ርቀቱ 46.5 ሚሊሜትር ነው፤ ከሄሊዮስ ፍላጎት በ1.04 ሚሊሜትር ይበልጣል። አዳፕተሩ ጭራሽ ውፍረት ባይኖረው እንኳ ሌንሱ ከ3 ሜትር ከ30 ሳንቲም ወዲያ አጥርቶ ማየት አይችልም። ከሳሎን አይወጣም ማለት ነው። ኒኮን ምንም አላጠፋም፤ ሄሊዮስም አላጠፋም። በአንድ ሚሊሜትር ተላለፉ።

ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጥ ነገር አለ፦ ውስጡ ትንሽ የሌንስ መስተዋት ያለው አዳፕተር። ብርሃኑን በጥቂቱ በትኖ ኢንፊኒቲን ይመልሳል፤ በዚያው ልክ ምስሉን ያለሰልሰዋል፣ እይታውንም ያጠበዋል። ሜርቴ ስድስት መስተዋት ቀምሮ በተጨነቀበት ሌንስ ላይ ሰባተኛውን ማንም ያልተጨነቀበትን መጨመር ለእኔ ኃጢአት ነው። የካኖን ኢኤፍ ማውንት ይሻላል፤ ርቀቱ 44 ሚሊሜትር ስለሆነ 1.46 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ቀለበት ቦታ ይተርፋል። እሱም ቢሆን አንዳንድ ሌንስ ኢንፊኒቲ ላይ ሲደርስ ጀርባው የካሜራውን ተገልባጭ መስተዋት ይመታል።

ሁሉንም ያስታረቀው ተገልባጩ መስተዋት ከካሜራ መውጣቱ ነው። ለዘመናት በሌንስና በፊልም መካከል ያን ሁሉ ቦታ ይዞ የኖረው የሚገለበጠው መስተዋት ነበር። መስተዋት-አልባዎቹ ካሜራዎች ሲመጡ ርቀቱ ወደቀ፤ ሶኒ ኢ 18፣ ኒኮን ዜድ 16፣ ካኖን አርኤፍ 20 ሚሊሜትር ሆኑ። ከዚያ ሂሳቡ የመቀነስ ብቻ ነው። 45.46 ሲቀነስ 18፣ 27.46። ይህን ያህል ርዝመት ያለው ባዶ የብረት ቱቦ ሄሊዮስን ሶኒ ላይ ያቆመዋል፤ ውስጡ አየር እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ቱቦው የተሠራው ቻይና ነው። ስለዚህ ኒኮኑን በሶኒ በለወጠው ወንድሜ እጅ ላይ ዛሬ ያለው ዕቃ ንድፉ ጀርመን፣ መስተዋቱ ሶቪየት፣ አካሉ ጃፓን፣ ማጣበቂያው ቻይና ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በሰባ ዓመት ያላስማማቸውን አንድ ባዶ ቱቦ አስማማቸው።

ካሜራው መጀመሪያ ሌንስ የለም ብሎ ይከራከራል፤ ኤሌክትሪክ የሌለውን ሌንስ ሌንስ አይለውም። ሜኑው ውስጥ ገብቶ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ መፍቀድ ነው። ሌላ ጣጣም አለ። ቱቦ ሠሪዎቹ ኢንፊኒቲ ይጎድላል ተብለው እንዳይወቀሱ ቱቦውን ከሚገባው በመጠኑ ያሳጥሩታል። ያን ጊዜ ሌንሱ ኢንፊኒቲን አልፎ ይሄዳል፤ ከኢንፊኒቲ ወዲያ ምን እንዳለ ለነገረ መለኮት ሰዎች ትቼ፣ ሌንሱ ላይ ግን ያለው ብዥታ ነው። የጋሼ ዘዴ፣ እስከ መጨረሻው አዙሮ መጫን፣ አይሠራም።

ይህን ያስተካከልነው ካዛንቺስ፣ ቢሮዬ ካለበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ነው። ከዚያ ሲታይ እንጦጦ በሁለት ሕንፃዎች መሐል ሾልካ ትወጣለች። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆመ፣ ሌንሱ 2 ላይ ተከፈተ፣ ስክሪኑ ላይ ምስሉ እስከ መጨረሻው ጎላ። ወንድሜ ቀለበቱን በጣም በቀስታ ያዞራል፤ የሶቪየት ግራሶ ከርሞ ስለጠጠረ ቀለበቱ ይታገላል። አረንጓዴው ብዥታ ተሰበሰበ፣ ከተራራው ጫፍ ያሉት ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ ተለዩ። ትንሽ ሲገፋው መልሰው ተቀላቀሉ፤ መለስ አደረገው። እዚያ ላይ ሌንሱን ሳይነካ በሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ የቀለበቱን ዙሪያ የያዙትን ሦስት ጥቃቅን ብሎኖች አላላ። ሲላሉ የውጪው ቀለበት ብቻውን ይዞራል፣ የውስጡ ጥርስ አይንቀሳቀስም። የተጋደመችውን 8 ከምልክቱ ጋር ገጠመና ብሎኖቹን አጠበቀ። ይኸው ነው።

ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ። “እኔ እስከ መጨረሻው አዙሬ እጫነው ነበር፤ አንድ ቀን ሌኒንን አደብዝዞብኝ አያውቅም” አሉ።

“እሱማ ልክ ነው ጋሼ፣ የደበዘዝነው እኛ ነን” አልኳቸው።

“እናንተ ዝም ብላችሁ ስለማትቆሙ ነው።”

እንጦጦ የማይታየው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። በፊልም ዘመን በተለመደው መስፈርት ሄሊዮስ 2 ላይ ተከፍቶም ቢሆን ኢንፊኒቲ የሚጀምርለት 56 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዛሬው ሴንሰር አጉልቶ ለሚያይ ሰው ራቅ ቢል ይመረጣል፤ ጥቂት መቶ ሜትር የራቀ የፎቅ አንቴና ከበቂ በላይ ነው። ለካስ ያን ያህል የተፈራው ኢንፊኒቲ ከሰፈር አይወጣም።

ስለ ጥራቱ እውነቱን ልናገር፤ የዛሬ ተራ ሌንስ ጠርዝ ላይ ሄሊዮስን ያስከነዳዋል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ምስሉ ይታጠባል፣ ፎከሱ በእጅ ነው፣ ሙሽራዋ አንድ እርምጃ ከተራመደች ታመልጠዋለች። እንዲያም ሆኖ ፊትን የሚያነሣበት መንገድ አለው፤ እኔ ከአዲሱ እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከሶቪየት የመጣ ሌንስ ሁሉ የዜኒት አይደለም። ፌድ የሚባለው ካሜራ፣ የምስጢር ፖሊሱን መሥራች የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ዠርዢንስኪን ስም ይዞ ካርኮቭ ውስጥ በአንድ የልጆች ማሳደጊያ እ.ኤ.አ. በ1934 መመረት የጀመረው የላይካ ግልባጭ፣ ሌንሱ 39 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ርቀቱም 28.8 ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዜኒቶችም አንገታቸው 39 ነበር፣ ርቀታቸው ግን ወደ 45 ይጠጋል። ጥርሱ አንድ ስለሆነ አንዱ የሌላው ላይ ይገባል፤ የፌድን ሌንስ ዜኒት ላይ የሰካ ግን ከአፍንጫው ፊት ያለውን እንጂ ሌላ አያይም። መስተዋት-አልባ ካሜራ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ፣ የየራሳቸው ቱቦ ከተገዛላቸው።

እንግዲህ ከካዛንቺስም ሆነ ከሌላ ሰፈር ቤት እያፈረሳችሁ ዕቃ የምትለዩ ሁሉ፣ ቆራሌው በደጃፋችሁ ሲያልፍ ዜኒቱን ከነሌንሱ በኪሎ አትስጡት። ካሜራው ቢበላሽም ሌንሱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ወደ ግራ ስታዞሩት ተፈትቶ ይወጣል። አዳፕተር ስትገዙ ደግሞ መጀመሪያ በውስጡ አሻግራችሁ እዩ። የሌንስ መስተዋት ካለበት ለሻጩ መልሱለት።