ከመድረክ ስንወርድ

ጌታችን በማቴዎስ 6 ላይ «ግብዞች» ሲል የግሪክኛው ቃል መጀመሪያ የመድረክ ተዋናይ ማለት ነበር። ይህን በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር ወዲያው ትዝ ያለኝ ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ወጋየሁ የቴአትር ሰው ነበር። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው በድምፁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል። በዛብህ የተማረባት ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ጎረቤት ናትና፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለ ሰው በዚያ ትረካ የገዛ አገሩን ሰምቷል። የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ፣ የሰብለ ወንጌል ሐዘን፣ የጉዱ ካሣ ምፀት፣ ሁሉም ከአንድ ሰው አፍ ይወጣ ነበር።

ወጋየሁን ግብዝ የሚለው የለም፤ ሥራው ትወና መሆኑን ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ግብዝነት የሚጀምረው ሰው ሳያውቅብን ስንተውን ነው። እሑድ በጉባኤ ፊት በለሰለሰ ድምፅ ጸልየን፣ ቤት ስንገባ እንደ ፊታውራሪ መሸሻ የምንቆጣ ከሆነ ልጆቻችን ሁለቱንም ይሰማሉ። ይህ ፈተና በእኛ በአገልጋይ ቤተሰቦች ላይ ይበረታል፤ ሁልጊዜ የሚያየን ሰው አለና።

ደግሞም እውነቱን ይናገር የነበረው ጉዱ ካሣ እንደ እብድ ተቆጠረ። በእናንተ ቤትስ እውነት የሚናገር ይደመጣል?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ማታ የትዳር ጓደኛችሁን «ድምፄ በቤታችን እንዴት ይሰማል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙ። በስውር የሚያየው አባታችን ቤታችሁን ይባርክ።