የፊታውራሪው ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት የወረሰ ሰው ሁሉ አንድ ፊታውራሪ አለው። ደጃዝማች ያላቸውም አይጠፉም፤ የእነሱ ቤት ግን ሰገነት ስላለው ማስረጃ የሚጠይቃቸው የለም። የኛ ቤት ሰገነት የለውም። ከጉለሌ ሩፋኤል ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ዝገት የጠገበ ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው። ባለቤቴ ከአያቱ ሲወርሰው ፊታውራሪውንም አብሮ ወረሰ። የምኒልክ ፊታውራሪ ናቸው፤ ከዓድዋ መልስ ቤቱን ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸው ማን ነው ሲሉት «አያቴ ነግራኝ ነበር፣ ጠፋኝ» ይላል። ዓድዋ መዝመታቸው ግን አልጠፋውም።

እህትና ወንድሞቹ ድርሻቸውን የለቀቁለት በልግስና እንዳይመስላችሁ። ቤቱን ነሐሴ ላይ ስላዩት ነው። አያቱ ካረፉ በኋላ ለዓመታት ተዘግቶ ኖሯል። ኮርኒሱ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ወደ ታች ወርዷል፤ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ጎረቤት አጥር አዘንብሏል፤ ምስጡ ደግሞ የመስኮቶቹን እንጨት በልቶ ቀለሙን ብቻ ትቶታል። አንዱን መስኮት ልከፍት ስገፋው እጄ በቀለሙ አልፎ ወጣ።

ያመጣነው ግንበኛ ሁሉ ግድግዳውን በቡጢ መታ መታ አድርጎ «ይሄማ አፈር ነው» ይለናል፤ እኛ እብነ በረድ ነው ያልነው ይመስል። ምክራቸውም አንድ ነው፤ አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩት። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋ የጠየቀ አንባቢ የቀረውን ይገምታል። በገዛ እጃችን ለማደስ የወሰንነው ካልኩሌተር ፊት ተቀምጠን ነው። ባለቤቴ ለሰው ሲያወራ ግን «ቅርስ ነው፣ እንዴት ይፈርሳል?» ይላል።

የቤቱ ዕድሜ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። ቅርስ ከሆነ እንደ ጥንቱ መመለስ አለበት አለ። «የትኛው ጥንት?» አልኩት። የጠየቅሁት ለነገር ነበር፤ እየቆየ ግን ጥያቄው እኔንም ያዘኝ።

ከላይ ጀመርን። ኮርኒሱን ቢላዋ ስናስነካው ጥላሸት፣ የአይጥ ጎጆ፣ የወፍ ላባ፣ ሌላም ስም ያላወጣንለት ነገር ወረደብንና ሮጠን ወጣን። አቧራው ሲረግብ ተመልሰን ጨርቁን አየነው፤ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ አቡጀዲድ ነው። ባለቤቴ «የጥንቱ ኮርኒስ!» ብሎ አጥቦ ሊያስቀምጠው ተነሣ። አቡጀዲድ እኮ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ነው አልኩት። በምኒልክ ዘመን በብዛት ይገባ የነበረው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ነው፤ ኋላ ላይ ጃፓኖች ዋጋ ሰብረው ገበያውን ቀሙ።

«ታዲያ ፊታውራሪ የአሜሪካ ጨርቅ መግዛት ያቅታቸዋል?» አለኝ።

ቆርቆሮው ላይም ያው ነው። አዲስ አበባ መጀመሪያ የሳር ክዳን ከተማ ነበረች። ቆርቆሮ በእንስሳ ጀርባ ከጠረፍ በሚመጣበት ጊዜ የመኳንንትና የሀብታም ነጋዴ ጌጥ ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ጣራ የወረደው። ይህን ስነግረው ያገኘው መልስ «መኳንንት አልሽ አይደል?» የሚል ነበር።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞርን። ከላይ፣ እስከ ወገብ ድረስ፣ አረንጓዴ ዘይት ቀለም አለ። ከሥሩ ሰማያዊ የተበጠበጠበት ኖራ፣ ከሱ ሥር ነጭ ኖራ፣ ከሱ ሥር ጋዜጣ። ጋዜጣው በሊጥ የተለጠፈ ስለሆነ በእርጥብ ስፖንጅ ሲነካ ገጽ በገጽ ይላቀቃል፤ እኛም መፋቂያችንን ጥለን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ማንበብ ያዝን። (መኝታ ቤቱ ከሁሉ ኋላ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።) የንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝት፣ የራዲዮ ማስታወቂያ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ። ጭቃው ላይ በቀጥታ ያረፈው የመጀመሪያው ሽፋን አዲስ ዘመን ነው። አዲስ ዘመን ደግሞ የተመሠረተው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

«ስለዚህ?» አልኩት።

«ስለዚህ ምን? ከዚያ በፊት ባዶ ጭቃ ነበራ።»

«ፊታውራሪው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዶ ጭቃ ሲያዩ ኖሩ?»

«ወታደር ናቸው፣ አንቺ!»

ስለ ጭቃው ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅር በሉኝ፤ ጥፍሬ ሥር እስካሁን አለ። ከኛ በፊት ቤቱን የጠጋገነ ሰው የፈራረሰውን ቦታ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር። ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም። ጭቃው በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው ግን አፉን ይዘጋበታል። ልስኑን አንድ ጫፉን በካቻቢቴ ስናነሣው ግማሽ ግድግዳ የሚያክል ተገንጥሎ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ በጥቅምት ፀሐይ እንኳ እርጥብ ነው፤ ማገሩ በጣት ይፈረፈራል። ያዘነበለው ግድግዳም ነገሩ እዚሁ ነው። የግቢው አፈር ከዓመት ዓመት እየተቆለለ ከድንጋዩ መሠረት በላይ ወጥቶ ቋሚዎቹን እግራቸው ላይ አበስብሷቸዋል። ስለዚህ እድሳቱ የተጀመረው ቀለም በመምረጥ ሳይሆን ቦይ በመቆፈር ነው። ከዚያ የበሰበሰውን የቋሚ እግር እየቆረጡ ከሥሩ ድንጋይ ማስገባት፣ አዲሱን እንጨት ምስጥ እንዳይደፍረው የተቃጠለ ዘይት ማጠጣት፣ ከዚያ ማገር፣ ከዚያ ምርጊት።

ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለምርጊት ቀዩ ይሻላል። የጤፍ ጭዱ ስስና ረጅም ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይከፈት ያያይዘዋል። ተረግጦ ሲያበቃ ወዲያው ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ ጭዱ በስብሶ ጭቃው ዝልግልግ እስኪል ውሃ እየጠጣ ይቦካል። በዚያ ሰሞን እንግዳ አይጋበዝም፤ ሽታው አያስጠጋም። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆች ገንዘብ ከፍለው ጭቃ መርገጥ ሲማሩ ካየን ወዲህ ባለቤቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ላይ ኩራት ይነበብ ጀመር።

ግድግዳው ሲከፈት አጥንቱ ባህር ዛፍ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ነጥቡ የሱ እንደሆነ አልክድም። ባህር ዛፍ ከአውስትራሊያ ምድር መጥቶ አዲስ አበባ የተተከለው በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። ከተማዋ የእንጦጦን ጥድ ጨርሳ ማገዶ ሲጠፋ ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ፣ እዚያም ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር፤ ከተማዋን ባለችበት ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው። ባህላዊ የምንለው የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት እንግዲህ ይኸው ነው፤ እንጨቱ የአውስትራሊያ፣ ቆርቆሮውና ምስማሩ የአውሮፓ፣ ኮርኒሱ የአሜሪካ። የአገር ልጅ ጭቃውና ጭዱ ብቻ ናቸው፤ ግንበኞቹ የናቁትም እነሱኑ ነው።

ክርክሩ የተጧጧፈው ግን በመካከለኛው ክፍል ምሰሶ ላይ ነው። ባለቤቴ ቀለሙን ሲፍቀው ቤቱ በጥድ ሽታ ታወደ። ጥድ! የመኳንንት እንጨት! በማግሥቱ አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ያሳተሙትን መጽሐፍ ተውሶ መጣ፤ ማታ ማታም የኛን የሚመስል ቤት ይፈልግ ጀመር። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው፣ ሰገነታቸው በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ ቤቶች ናቸው። እሱ ግን «የኛም ሰገነት ነበረው፣ ፈርሶ ነው» አለ።

እኔ የማየው ምሰሶውን ነው። ወገቡ ላይ የተፈለፈለ ጎድጓዳ አለበት፤ ምንም አልገባበትም። ዝቅ ብሎ በትልልቅ ምስማር የተበሳ ቀዳዳ በተርታ አለ፤ ምንም አልያዘም። ይህ እንጨት ሌላ ቤት፣ ምናልባትም ተጋድሞ፣ ሌላ ነገር ሲሸከም ኖሮ የመጣ ነው። እኛስ ማጠፊያና በር የገዛነው ከየት ነው? መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከፈረሰ ቤት። ሻጩ በሩ ፒያሳ ከነበረ የአንድ ደጃዝማች ቤት የወጣ ነው ብሎናል፤ ዋጋውም የደጃዝማች ነበር።

ዳኛ ያስፈለገን ጊዜ ለካ ዳኛዋ ከአጥሩ ማዶ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ጭቃ ከጀመርን ወዲህ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩናል። ከሰላምታ ሌላ የሚሉት ነገር «ውሃ አበዛችሁ» ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርተውን ባለቤቴ ስለ ፊታውራሪው አነሣ።

«ፊታውራሪማ» አሉ፣ «መሬቱ የሳቸው ነበር።»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረ።

«ቤቱን የሠራው ግን አያትህ ነው። ከጣሊያን በኋላ ነው። ጭቃውን የረገጥነው እኛ የሰፈሩ ልጆች ነን፤ ዳቦ ገዝቶልናል።»

«ፊታውራሪው ታዲያ?»

«የመሬት ኪራይ ይቀበሉ ነበራ። አንዳንዴ ሰው ይልካሉ፣ አንዳንዴ ራሳቸው በበቅሎ ይመጣሉ።»

«ዓድዋ ዘምተው ነበር ይላሉ እኮ፣ እማማ።»

«እሱን እንጃ። ለኪራይ ሲቀሩ ግን አላየሁም።»

በኋላ ሳስበው ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። መሬት የባላባት፣ በላዩ ያለው ጭቃ ቤት የጭሰኛው፤ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው እንዲሁ ነበር የኖረው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ፊታውራሪው (ወይም ወራሾቻቸው) መሬቱን አጡ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይፈቀድ ስለነበር የባለቤቴ አያት ከቤታቸው አልተነቀሉም። ፊታውራሪው የቀሩት በወሬ ብቻ ነው፤ ኪራይ ተቀባይ የነበሩት ሰውዬ ዓመት በዓመት ማዕረግ እየጨመሩ ቤት አሠሪ እስከመሆን ደረሱ።

«ጥዱስ?» አልኳቸው እኔ። «ምሰሶው?»

«እሱ ከፊታውራሪው ግቢ ነው። አዳራሻቸው ሲፈርስ እንጨቱን አስወድደው ሸጡለት።»

ባለቤቴ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ያደረገውን ማየት የሚፈልግ ቢኖር እሑድ እሑድ ይምጣ። ዘመድ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ እንግዳውን ክንዱን ይዞ ምሰሶው ሥር ያቆመውና «ይህ የፊታውራሪው አዳራሽ ምሰሶ ነው» ይላል። ውሸት አይደለምና ዝም እላለሁ።

ምርጊቱ ደርቆ ነጭ ኖራ የቀባን ዕለት እማማን ይመርቁልን ብለን ጠራናቸው። በከዘራቸው እየተደገፉ ክፍል በክፍል ዞሩ። ያዘነበለው ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ቆመው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጥግ ላይ የተከፈተች ቀጭን ስንጥቅ አገኙ።

«አያትህም» አሉት ባለቤቴን፣ «ውሃ ያበዛ ነበር።»