ለልጄ የገዛሁት የቁፋሮ መጽሐፍ

ሴት ልጄ ከምድር በታች የተቀበረውን የጥንት ሰው ሥራ የሚመረምረውን የአርኬዎሎጂን ትምህርት ከጀመረች ወዲህ፤ በባሕር ዳር ቤታችን የመጽሐፍ ዋጋ ከጤፍ ዋጋ ጋራ አብሮ የሚታሰብ ሆኗል። በቅርቡም ስለ ቁፋሮ አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍ እንድገዛላት ለመነችኝ። ገንዘቡ ለአንድ እንጂ ለሁለት አይበቃም ነበርና፤ በጣና ዳር ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠን የመጻሕፍቱን ስም የጻፈችበትን ወረቀት እንመለከት ጀመር።

እኔ የመረጥሁት ኮሊን ሬንፍሩና ፖል ባን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡትን ታላቁን መጽሐፍ ነበረ፤ ሥዕሉ ብዙ ነው፤ ለመደርደሪያም ያምራል። ልጄ ግን፤ «አባባ፤ እርስዎ የመረጡት ስለ ትምህርቱ ሁሉ በሰፊው የሚናገር ነው፤ እኔ የምሻው ጕድጓድ ውስጥ ስቆም እጄን የሚመራኝን ነው» አለችኝ። ሞርቲመር ዊለር እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተሙትንስ አልኋት። እርሳቸው መሬቱን በአራት ማዕዘን እየከፈሉ በመካከሉ ያልተነካ የአፈር ግድግዳ ይተዋሉ፤ የአፈሩም ድርብርብ በዚያ ላይ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፉት ፊሊፕ ባርከር ግን ሰፊውን ቦታ በአንድነት መግለጥ ይሻላል ባይ ናቸው፤ ግድግዳው ራሱ የሚፈለገውን ይሸፍናልና።

የአገራችን ዋልካ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል። ስለዚህ ትናንት የተሰበረ የጀበና ገል በስንጥቁ ወርዶ ከጥንቱ ገል በታች ሊገኝ ይችላል፤ ጥልቀትን ብቻ የሚለካ ቈፋሪም ይሳሳታል። ወንፊትም እንደ አካፋ ያስፈልጋል። ከጣና በስተ ምሥራቅ ካሉት ዋሻዎች ጆአን ዶምብሮውስኪ የጥንት ገብስና ሽምብራ አግኝተዋል፤ እንዲህ ያለው ፍሬ ባልተነፋ አፈር ውስጥ ተደፍቶ ይቀራል።

ይህን ስትነግረኝ ዝም አልሁ። በልጅነቴ ከወንድሞቼ ጋራ በእርሻችን ዳር ድንጋይ ስንፈነቅል ብዙ ገልና አንድ የተቦረቦረ ድንጋይ አግኝተን ነበር። ገሉን ማን አርቆ ይወረውራል እየተባባልን ወደ ሐይቁ ጣልነው፤ ድንጋዩን እናታችን የዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረገችው። ልጄ ከየትኛው አፈር፤ ከምን ጋራ እንደ ወጣ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። የቀረውን ቦታ ቈፍሪልኝ ብላት፤ «ያለ ፈቃድ ቁፋሮ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 209 የተከለከለ ነው፤ አንድ ጊዜ የተቈፈረም ዳግመኛ አይቈፈርም» ብላ እንቢ አለችኝ። የአባት ሥልጣን በዚህ ላይ አልሠራም።

በመጨረሻ የባርከርን አዘዝን። እያንዳንዱን የአፈር ድርብ በቍጥር መዝግቦ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም በሠንጠረዥ መሣልን የሚያስተምረው፤ ኤድዋርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት መጽሐፍ ደግሞ በነጻ የሚነበብ ሆኖ ተገኘ፤ ኪሴም አመሰገነ።

ያዘዝነው መጽሐፍ ገና አልደረሰም። ዶሮዎቹም እስካሁን ከዚያው ድንጋይ ይጠጣሉ።